ሜክሲኮ የተወለዱ፣ ሩዋንዳ የሚኖሩ

ጥቂት ወራት አልፈዋል። በምሠራበት የባንክ ቅርንጫፍ የደንበኞች መረጃ የሚታደስበት ሰሞን ነበር። ነጠላቸውን በወጉ ያጣፉ፣ ዕድሜያቸው ሰባውን የተሻገረ አንዲት እናት ከመስኮቴ ፊት ቆሙና መነጽራቸውን ረስተው ስለመጡ ቅጹን እንድሞላላቸው ጠየቁኝ። እኔም ብዕሬን አንሥቼ እንደ ሥርዓቱ መጠየቅ ጀመርሁ።

«የት ነው የተወለዱት፣ እማማ?»

«ሜክሲኮ።»

«አሁንስ የሚኖሩት?»

«ሩዋንዳ ነኛ፤ ከወንዱ ልጄ ዘንድ።»

«ገንዘብ የሚልክልዎ ማን ነው?»

«ሴቷ ልጄ ናት። ሎስ አንጀለስ ነው ያለችው።»

ከጎኔ ሥራ የሚለማመድ ወጣት ተቀምጦ ነበር። ከጎንደር ከመጣ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው። ጠጋ አለና በጆሮዬ «ፓስፖርታቸውን አንጠይቃቸውም እንዴ?» አለኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እናትየው ምን እንደተባለ ሲነገራቸው ደግሞ ከእኔ ይበልጥ እርሳቸው ሳቁ።

ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን አንድ ችግር ገጠመን። ቅጹ የሚፈልገው የአሁኑን አድራሻ ብቻ ነው። በድሮው መዝገብ ላይ የነበረው የሜክሲኮው የቤት ቁጥር መሰረዝ ነበረበት፤ ቤቱ ከፈረሰ ዓመታት ተቆጥረዋልና። «እርሱን አታጥፋብኝ፣ ልጄ» አሉኝ። ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ ነገሩኝም። ምክንያታቸውን ለመጨረሻው አቆየዋለሁ። ያን ዕለት ማታ ወደ ቤቴ ስገባ ግን፣ ውድ አንባቢዬ፣ አንድ ጥያቄ አብሮኝ ገባ። ሰው ከየት መጥቶ የት እንደሚሰፍር የሚወስነው ማን ነው? የሰፈር ስምስ ስለ ሰፈሩ ሰው ምን ይነግረናል?

* * *

አስቀድሞ ስለ ሁለቱ ስሞች።

ሜክሲኮ አደባባይ ስሙን ያገኘው ሜክሲካውያን ሰፍረውበት አይደለም። ስሙ የውለታ መታሰቢያ ነው። የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ሰኔ 23 ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ የመንግሥታቱ ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመው የአገራቸውን አቤቱታ አሰሙ። ማኅበሩ ግን በኢጣልያ ላይ ጥሎት የነበረውን ማዕቀብ በዚያው ክረምት አነሣ፤ ኃያላኑም አንድ በአንድ ወረራውን እንደተፈጸመ ነገር ተቀበሉት። «አንቀበልም» ብለው ከጸኑት ጥቂት አገሮች አንዷ በፕሬዚዳንት ላዛሮ ካርዴናስ ትመራ የነበረችው ሜክሲኮ ናት። በማኅበሩ ዘንድ ወኪሏ የነበረው ናርሲሶ ባሶልስም ስለ ኢትዮጵያ ተሟግቷል። ሜክሲኮ በጉልበት መወሰድ ምን እንደሆነ ከታሪኳ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ1848 ከአሜሪካ ጋር ያደረገችው ጦርነት በጓዳሉፔ ኢዳልጎ ውል ሲያበቃ ከግዛቷ ግማሽ ያህሉን አጥታለች። ካሊፎርኒያም የሄደችው በዚያ ውል ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ በ1946 ዓ.ም. ሜክሲኮን ጎበኙ። በሜክሲኮ ከተማ «ኢትዮጵያ» የተባለ አደባባይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ የከተማይቱ የምድር ውስጥ ባቡር በዚያ በኩል ሲዘረጋ ጣቢያው «ኢትዮጵያ» ተብሎ ተሰየመ፤ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው። የእኛም ከተማ በ2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡር ስትጀምር «ሜክሲኮ» የተባለ ጣቢያ ኖራት። እንግዲህ ዛሬ አንድ የሜክሲኮ ሰው ጠዋት «ኢትዮጵያ ወራጅ» ሊል ይችላል፤ አንድ የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ማታ «ሜክሲኮ ወራጅ»። አንዳቸውም የሌላውን አገር አይተው አያውቁ ይሆናል። ውለታ ግን በስም መልክ ሁለቱንም ሲያሳፍርና ሲያወርድ ይውላል።

ሩዋንዳ ደግሞ እኔም የምኖርበት ሰፈር ነው። በወሎ ሰፈርና በቦሌ ሚካኤል መካከል ያለ፣ ስሙን ከሩዋንዳ ኤምባሲ ያገኘ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ሲመሠረት ሠላሳ ሁለት ነጻ አገሮች ቃል ኪዳኑን ፈረሙ፤ ነጻ ከወጣች ገና ዓመት ያልሞላት ሩዋንዳም አንዷ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ከተማችን የኤምባሲ ከተማ ሆነች። ኤምባሲ በተተከለበት ሁሉ የአገር ስም ይተከላል። ፈረንሳይ ለጋሲዮን አለ፣ ቡልጋሪያ አለ፣ ሩዋንዳ አለ። ከባንዲራው ሥር የሚሠሩት ዲፕሎማቶች ጥቂቶች ናቸው፤ ስሙን አንሥተው ለመንገድና ለታክሲ የሰጡት ግን ሻይ ቤት ከፋቹ፣ ተከራዩና ወያላው ናቸው። «ሩዋንዳ! ሩዋንዳ! ሁለት ሰው!»

ይህን ጥሪ በሰማሁ ቁጥር አንዳንዴ ልቤ ይከፈላል። በ1986 ዓ.ም. በዚያች ስሟን በዋዛ በምንጠራት አገር መቶ ቀን ገደማ በፈጀ ጊዜ ወደ 800 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች አለቁ። ብዙዎቹን የገደሏቸው የአንድ መንደር ሰዎች፣ ጎረቤቶቻቸው ነበሩ። የቤልጂግ ገዥዎች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በመታወቂያ ወረቀት ላይ ያሰፈሯት አንዲት ቃል፣ ማለትም የጎሣ ስም፣ ከስድሳ ዓመት በኋላ በየኬላው ሞትና ሕይወት ለያየች። በዚያው ዓመት ክረምት የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር በተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪነት ወደ ደቡብ ምዕራብ ሩዋንዳ ዘምቷል። እንግዲህ ሰፈሬ ስሙን የተዋሰው ማን የት እንደሚኖር በመዝገብ መያዝ የት ሊያደርስ እንደሚችል ካየች አገር ነው። ስለ ሰው አሰፋፈር ስጽፍ ይህን መርሳት አልችልም፤ በእኛም የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ነበረና።

* * *

አዲስ አበባን በስሞቿ ላነበባት ሰው ተደራርባ የተጻፈች ብራና ናት።

ከታች ያለው ጽሑፍ የኦሮሞ ነው። ጉለሌና የካ የጎሣ ስሞች ናቸው። ከተማይቱ ከመቆርቆሯ በፊት በዚህ ሜዳና ተራራ ከብት ያረቡ፣ እርሻ ያረሱ የቱለማ ኦሮሞ ጎሣዎች ናቸው። የፍል ውኃው ምንጭ ፊንፊኔ ይባል ነበር። ዛሬ ክፍለ ከተማ ሆነን «የካ»፣ «ጉለሌ» ብለን ስንጽፍ የቀደመውን ሰው እየጠራን መሆናችንን ብዙዎቻችን አናስበውም።

ሁለተኛው ጽሑፍ የሠራዊት ነው። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወደ ፍል ውኃው ወርደው በ1879 ዓ.ም. ከተማይቱን ሲቆረቁሩ አሰፋፈሩ የጦር ሰፈር አሰፋፈር ነበር። «ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ ከዚያ ነው። ቤተ መንግሥቱ ከመካከል፣ መኳንንቱ በየኮረብታው፣ በየመኳንንቱ ዙሪያም ጭፍራው፣ አሽከሩ፣ ጠጅ ጣዩ፣ ኮርቻ ሰፊው። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ካሳ ሰፈር የተባሉት በዚህ ምክንያት ነው። የእጅ ባለሙያዎቹም ሠራተኛ ሰፈር ተባለላቸው። ይህ አሰፋፈር ለከተማይቱ አንድ ጠባይ አወረሳት። ትልቁ ቤትና ጭቃ ቤቱ አጥር ተጋርተው መኖርን ለመዱ። የባለጸጋና የድኻ ሰፈር ተለያይቶ የሚታይበት ከተማ የለመደ እንግዳ ሲመጣ የሚደንቀው ይህ ነበር።

ሦስተኛው የመንገደኛ ነው። ከየአገሩ ሥራ ፍለጋ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያርፈው ከአገሩ ልጅ ዘንድ ነው። ወሎ ሰፈር፣ ጎፋ ሰፈር፣ አደሬ ሰፈር፣ መርካቶ ውስጥም ጎጃም በረንዳና ሶማሌ ተራ እንዲህ ተወለዱ። ከጋሞ ደጋ የመጡት የዶርዜ ሸማኔዎች በሽሮ ሜዳ በኩል ሰፈሩ፤ የጥበብ ልብስ ገበያውም ዛሬ ድረስ በዚያ ነው። ጉራጌው ከጉልበት ሥራ ተነሥቶ በዕቁብ ካፒታል እያጠራቀመ መርካቶን የንግድ እምብርት አደረጋት። ይህን ሁሉ ያዘዘ ሹም የለም። ያዘዘው «እገሌ ዘንድ ሂድ፤ የአባትህ አገር ሰው ነው» የሚል የመንገድ ስንቅ ነው።

አራተኛው የባዕድ ነው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሲደርሱ ከቱርክ ጭፍጨፋ የተረፉ አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ ሙዚቃ ሲጫወቱ አገኟቸውና ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው። «አርባ ልጆች» ተባሉ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን እስከ አብዮቱ ድረስ የተዘመረውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። አርመኖች በአራት ኪሎና በፒያሳ መካከል ባለው አካባቢ ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት አቆሙ፤ ወርቅ ሠሩ፣ ማተሚያ ቤት ከፈቱ፣ ጫማ ሰፉ። ግሪኮች ግሮሰሪና ዳቦ ቤት፣ የመኖች ደግሞ በየሰፈሩ ሱቅ ከፈቱ፤ የዛሬ ትልልቆቻችን «አረብ ቤት ሄደህ ስኳር ግዛ» እየተባሉ ያደጉት ለዚህ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ሻንጣቸውን አነሡ። በአንድ ዘመን ከሺህ በላይ የነበሩት አርመኖች ዛሬ ጥቂት ቤተ ሰቦች ናቸው። ቤተ ክርስቲያናቸው ግን አለ።

* * *

እስከዚህ ያለውን ያነበበ ሰው «ሰው ወደ ወገኑ ይሄዳል፤ ነገሩ ይኸው ነው» ሊል ይችላል። እውነቱ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ የሕግና የገንዘብ ነው።

ኢጣልያኖች በአምስቱ ዓመት ወረራ ከተማይቱን በቀለም ሊከፍሏት አቀዱ። በአራዳ የነበረውን ትልቁን ገበያ ከነጩ ሰፈር አርቀው ወደ ምዕራብ ወሰዱትና «የአገሬው ሰው ገበያ» አሉት። መርካቶ የሚለው ቃል የጣልያንኛ «ገበያ» መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ስሙ መለያየትን ታስቦ የተሰጠ መሆኑን ግን ብዙው ሰው ረስቶታል። ካዛንቺስም እንዲሁ ነው። ለኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው መሥሪያ ቤት ምሕጻረ ቃል የተገኘ ስም ነው። ሐበሻ እንዳይኖርበት የታቀደውን ሰፈር ሐበሻ ወርሶ ሠርግና ለቅሶ አደረገበት፤ ስሙንም አጣሞ የራሱ አደረገው።

እዚህ ላይ እናትየዋ ስለ ልጃቸው የነገሩኝ ጨዋታ ትዝ አለኝ። ልጅቱ ሎስ አንጀለስ ከሥራ ስትመለስ በአውቶቡስ ሁልጊዜ ከጎኗ የምትቀመጥ አንዲት ሜክሲካዊት አለች። አንድ ቀን «እናቴ እኮ ሜክሲኮ ነው የተወለደችው» አለቻት። ሴቲቱ ደስ ብሏት «ከየትኛው ክፍለ ሀገር?» ብላ ጠየቀች። «ከልደታ» አለቻት አሉ።

የእነዚህ የአውቶቡስ ጓደኞች ከተማ ታሪክ ከእኛው ጋር ሲነጻጸር ብዙ ያስተምራል። ሎስ አንጀለስን እ.ኤ.አ. በ1781 የቆረቆሯት ዛሬ ሜክሲኮ ከሚባለው አገር ከሶኖራና ከሲናሎዋ የመጡ አርባ አራት ሰዎች ናቸው። ከመካከላቸውም ከግማሽ የሚበልጡት የአፍሪካ ደም ያለባቸው ነበሩ። ከ1848ቱ ውል በኋላ መሬቱ በአሜሪካ እጅ ገባ፤ የስፓኝ ቋንቋው ስም ግን ሳይነካ ቀረ። የቀደመው ሰው በራሱ ከተማ እንደ መጤ ተቆጠረ።

የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ዛሬ ሰማንያ ስምንት ከተሞችን የያዘ፣ አሥር ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የሚኖርበት ግዛት ነው። ከነዋሪው ግማሽ ያህሉ ላቲኖ ሲሆን፣ ከላቲኖው አብዛኛው ከሜክሲኮ የሚወለድ ነው። ነገር ግን ሰማንያ ስምንቱ ከተሞች እኩል አልተካፈሉትም። በምሥራቅ ሎስ አንጀለስ ከመቶው ከዘጠና በላይ የሚሆነው ነዋሪ ላቲኖ ነው፤ በማሊቡና በቤቨርሊ ሂልስ ግን ቁጥሩ እጅግ አነስተኛ ነው፤ ወደዚያ የሚሄደው ብዙው ላቲኖ ጠዋት ለአትክልትና ለቤት ሥራ ሄዶ ማታ የሚመለስ ነው። ይህ በምርጫ ብቻ የሆነ አይደለም። ለአሠርት ዓመታት በቤት ሽያጭ ውል ላይ «ነጭ ላልሆነ ሰው አይሸጥም» የሚል አንቀጽ ይጻፍ ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርድ ቤቶች ይህን አንቀጽ እንዳያስፈጽሙ የወሰነው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ሳውዝ ጌትና ሃንቲንግተን ፓርክ የተባሉት ከተሞች የነጭ ፋብሪካ ሠራተኛ ከተሞች ነበሩ። በ1980ዎቹ መግቢያ ገደማ የጎማና የመኪና ፋብሪካዎቹ ሲዘጉ ነጩ ሠራተኛ ለቅቆ ሄደ፤ በርካሽ በተከራየው ቤትም ሜክሲካዊው ገባ። የደመወዝ መቆም አንዱን አባረረ፤ የኪራይ መርከስ ሌላውን ጠራ።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው የቻቬዝ ራቪን ታሪክ ነው። ከከተማዋ መሐል አጠገብ ባለ ኮረብታ ላይ ላ ሎማ፣ ፓሎ ቬርዴና ቢሾፕ የሚባሉ ሦስት የሜክሲኮ ተወላጆች መንደሮች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መግቢያ ላይ «አዲስ የሕዝብ መኖሪያ እንሠራላችኋለን፤ መጀመሪያ ቤት የምታገኙትም እናንተው ናችሁ» ተብለው እንዲነሡ ተደረገ። መኖሪያው ሳይሠራ ቀረ። በ1959 የመጨረሻዎቹ ቤተ ሰቦች በግድ ተጎትተው ወጡ። በ1962 በቦታው ላይ የቤዝቦል ስታዲየም ተመረቀ። ሲነገር እንደሰማሁት የቀድሞ ነዋሪዎቹና ልጆቻቸው ለብዙ ዓመታት እየተሰባሰቡ የፈረሰውን ሰፈራቸውን ሲያስቡ ኖረዋል።

የእኛም ሰው በዚያች ከተማ የራሱን ስም ተክሏል። በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ምግብ ቤቶቹንና ሱቆቹን የደረደረበት ስፍራ እ.ኤ.አ. በ2002 በከተማው ምክር ቤት «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ ተሰየመ። እናትየዋ እንደነገሩኝ ግን ልጃቸው እዚያ የምትሄደው እሑድ እንጀራ ልትበላ ነው። የምትኖረው ኪራይ ከሚረክስበት፣ ከሜክሲካውያኑ ሰፈር ነው። እዚያም ስሙ ከአንድ ቦታ፣ ሰዉ ከሌላ ቦታ ሆነ ማለት ነው።

* * *

ወደ አገራችን እንመለስ።

በ1999 ዓ.ም. የተደረገው ቆጠራ የአዲስ አበባን ነዋሪ 2,739,551 አድርሶታል። ከመቶው 47 ያህሉ አማራ፣ ከ19 በላዩ ኦሮሞ፣ ከ16 በላዩ ጉራጌ፣ 6 ያህሉ ትግሬ፣ 3 ያህሉ ስልጤ ተብሎ ተመዝግቧል። ከነዋሪው ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው የተወለደው ከከተማው ውጭ ነበር። ቁጥሩ ማን እንዳለ ይናገራል። ማን እንደሄደና ለምን እንደሄደ ግን አይናገርም።

የሄዱትን ለማወቅ መዝገብ ሳይሆን እናቶችን መጠየቅ ይሻላል። እኔ ልጅ ሳለሁ፣ በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲጫር፣ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤቶቻችን ወደ አስመራ እንዲሄዱ ታዘዙ። በዚያ ሁለት ዓመት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከዚህ ወደዚያ ተባርረዋል፤ ከዚያም ወደዚህ ብዙዎች መጥተዋል። የጎረቤታችን ሴት የቤቷን ቁልፍ ለእናቴ ሰጠቻት። እናቴም ከመሶቡ ሥር አኖረችው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ድንበሩ ሲከፈት እናቴ ቁልፉን አውጥታ በጨርቅ ስትወለውለው አየኋት። ማንም አልመጣም። ቁልፉ ዛሬም አለ፤ በሩ ግን ከተነቀለ ቆይቷል።

የመጡትም አሉ። ከሩዋንዳ ጥቂት ወረድ ብሎ ያለው ቦሌ ሚካኤል በ1983 ዓ.ም. የሶማሊያ መንግሥት ከፈረሰ ወዲህ የሶማሌዎች መኖሪያ ሆኗል። የግመል ወተት፣ የዕጣን ሽታ፣ ገንዘብ የሚላክበትና የሚመጣበት ቢሮ፣ ቀለሙ የደመቀ ድርያ የለበሱ ሴቶች። አንዳንዱ ከሞቃዲሾ የመጣ ስደተኛ ነው፤ አንዳንዱ የጅጅጋ ተወላጅ ኢትዮጵያዊ ነው። መንገደኛው ግን ሁሉንም በአንድ ስም ይጠራቸዋል። ከሩዋንዳ የመጣ ሰው ግን በሩዋንዳ ሰፈር ለአሥር ዓመት ስኖር አንድም አልገጠመኝም።

ዛሬ ደግሞ አዲስ አሠፋሪ መጥቷል፤ እርሱም ዕጣ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ መንግሥት የጋራ መኖሪያ ቤቶችን መሥራት ሲጀምር ከወሎ ሰፈር የተነሣው፣ ከልደታ የተነሣው፣ ተመዝግቦ ዓመታት የጠበቀው ሁሉ በዕጣ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ ደረሰው። ዕጣ ዘር አይመርጥም፤ ይህ ጥሩ ነገሩ ነው። ነገር ግን ጎረቤትንም አያውቅም። አርባ ዓመት ቡና የተጠራሩ ሰዎችን በከተማይቱ አራት ማዕዘን ይበትናቸዋል። ደግሞም ሕንጻው የተተከለበት መሬት ባዶ አልነበረም። በ2006 እና በ2008 ዓ.ም. ስለ ከተማይቱና ስለ ዙሪያዋ ማስተር ፕላን የተነሣው ተቃውሞ ደም አፍስሷል። በ2011 ዓ.ም. የኮዬ ፈጬ ዕጣ ሲወጣም ቁጣ ተነሣ። ገበሬው «መሬቴ» አለ፤ ባለዕጣው «ከጉሮሮዬ ነጥቄ የቆጠብሁበት ቤቴ» አለ። ሁለቱም እውነት ነበራቸው። ሁለቱንም ያላማከረ እጅ ግን ከሁለቱም በላይ ነበር።

በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ለኮሪደር ልማት ሲባል ከፒያሳና ከካዛንቺስ ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ አምሯል፤ ይህን መካድ አይገባም። ከነዚያ ሰፈሮች የተነሡ ደንበኞች አድራሻ ሊያስቀይሩ ወደ እኔ መስኮት ሲመጡ ግን የምጽፈው ከአራትና ከአምስት ወር በፊት ሰምቼው የማላውቀውን የብሎክ ቁጥር ነው። የሚሰጡኝ ቁጥሩን ከወረቀት እያነበቡ ነው። የድሮውን ግን በቃላቸው ያውቁታል።

* * *

እነሆ፣ ለመጨረሻ ያቆየሁት የእናትየዋ ምክንያት።

የሜክሲኮው ቤታቸው ሲፈርስ ምትክ የተሰጣቸው ኮንዶሚኒየም ከከተማው ዳር ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ጉልበታቸው አልቻለውም። እርሱን አከራይተው ሩዋንዳ ከልጃቸው ዘንድ ገቡ። «ታዲያ የድሮው አድራሻ ምን ይሠራልዎታል?» ብዬ ነበር የጠየቅኋቸው።

«ዕድሬ እዚያ ነው» አሉኝ። «ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱ፣ አግዳሚው ሁሉ እዚያ ነው ያለው። የኛ ሰፈር ሰው ጀሞም አለ፣ ገላንም አለ፣ አባዶም አለ። በወር አንድ እሑድ ግን ተሰብስበን እንከፍላለን። ከሁለት ታክሲ በላይ ይዞ የሚመጣም አለ። ሩዋንዳ ብሞት የሚያውቀኝ ልጄና ሚስቱ ናቸው። እዚያ ግን የሚያለቅስልኝ አለኝ።»

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና እንዲህ አሉኝ፦ «እኔ ስወለድ እኮ ስሙ ሜክሲኮ አልነበረም። ስሙ ኋላ መጣና እኛው ዘንድ ቀረ። አሁን እኛ ሄድን፤ ስሙ ብቻውን ቀረ።»

እኔ ስለ ከተማ አሰፋፈር ካነበብሁት ሁሉ የሚበልጥ ነገር በዚህች ንግግር አገኘሁ። ሰፈር ማለት ጎሣ ቢሆን ኖሮ ይህች ሴት ሌላ ቦታ የጎሣዋን ሰው ባላጣች። ሰፈር ማለት ጣራና ግድግዳ ቢሆን ኖሮ ምትክ ቤቱ በበቃ። የሜክሲኮው ዕድር አባላት ከወሎም፣ ከጉራጌም፣ ከሸዋም፣ ከትግራይም፣ ከጋሞም የመጡ ናቸው። አንድ ያደረጋቸው የመጡበት አገር አይደለም፤ የሚቀባበሩበት ነው። የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ቆጠራም፣ የእኛም ቆጠራ የሚጠይቀው «ከየት ነህ?» ብሎ ነው። «ማን ይቀብርሃል?» ብሎ የጠየቀ ቆጣሪ እስካሁን አልሰማሁም። ሰፈር የሚያፈርስ ሰው፣ ለልማትም ቢሆን፣ ካሳውን ሲያሰላ ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ቢጨምርበት መልካም ነበር። ሰዎቹን አንድ ላይ ማንሣትና አንድ ላይ ማስፈር ከሲሚንቶ ይልቅ ማሰብን ብቻ የሚጠይቅ ነገር ነው።

ቅጹን እንዴት እንደጨረስሁት ልንገራችሁና ላብቃ። በአድራሻው መስመር ላይ ሩዋንዳ ብዬ ጻፍሁ፤ ሥርዓቱ ነውና። ከታች «ልዩ አስተያየት» የሚል፣ ማንም የማይሞላው፣ ማንም የማያነበው ባዶ መስመር አለ። እዚያ ላይ የሜክሲኮውን የቤት ቁጥር በትልቁ አሰፈርሁት። እናትየው መነጽር ስላልያዙ አላዩትም። ነገርኋቸው። መረቁኝ።

ያን ዕለት ማታ የጫርኋት ስንኝ ይህች ናት፦

ስም ተክለው ለሄዱ፥ ስም አጥተው ለቀሩ፣
አንድ ነው ጥያቄው፥ የት ነው የሰፈሩ?
ቤቱ ሲፈርስበት፥ ሰው የት ይጠለላል?
ጎረቤቱ ልብ ውስጥ፥ ጎጆውን ይተክላል።
ካርታው ባይመዘግብ፥ ቅጹም ባያሰፍረው፣
የሰው ሰፈር ያው ነው፥ ሲሞት የሚቀብረው።

ቸር እንሰንብት።